ከቤል ቦተም እስከ ባጊ፦ የአንድ ሱሪ ዕድሜ ስንት ነው?

እስቲ የቤታችሁን የፎቶ አልበም አውጡ። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ቁም ሳጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ማለቴ ነው። ከፎቶዎቹ ጀርባ ዓመተ ምሕረት ባይጻፍም መቼ እንደተነሱ ለመገመት ብዙ አትቸገሩም። ከጉልበት በታች እንደ ጥሩምባ የሚሰፋ ሱሪና ክብ አፍሮ ካያችሁ 1960ዎቹ ነው። ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ኮት ከሆነ 1980ዎቹ ውስጥ ናችሁ። ሁለት ሰው የሚያስገባ ጅንስ 1990ዎቹን፣ እግር ላይ የተለጠፈ ስኪኒ ደግሞ 2000ዎቹን ይነግራችኋል።

ይኼ ሁሉ ልብስ በጊዜው አንገት ያስዞር ነበር። የለበሰው ልጅ በሰፈሩ "አራዳ" ተብሎበታል። ምናልባት እናታችሁ ልቧ የሸፈተው ያንን ሱሪ አይታ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ዛሬ ግን ፎቶውን ስናይ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። አባታችንም አብሮን ይስቃል፣ ትንሽ እያፈረ።

የያኔውን የአራዳ ልብስ የዛሬ ፋራ ያደረገው ምንድን ነው? ብዙ ሰው "ሰው ስለሰለቸው ነዋ" ይላል። መሰልቸት አለ፣ አልክድም። ግን ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ነገሩን ከዋጋው በኩል ነው የማየው። ከዚያ በኩል ሲታይ ፋሽን የሚያረጀው ሲረክስ ነው። እኛን የሚመለከተው ጉዳይ ደግሞ እዚህ ጋ ይመጣል፦ ፋሽን የሚረክስበት ፍጥነት ከአሥር ዓመት ወደ አሥር ዓመት እየጨመረ ሄዷል፣ ደመወዛችን ግን በዚያ ፍጥነት እየሮጠ አይደለም።

መሰላሉ

ጌኦርግ ዚመል የተባለ ጀርመናዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው ጽሑፍ ፋሽንን በሁለት ፍላጎቶች መካከል ያለ ጉተታ አድርጎ ያየዋል። አንዱ ሰውን መምሰል ነው፣ ሌላው ከሰው መለየት። ላይ ያለው ሰው ለመለየት አዲስ ነገር ይለብሳል። ታች ያለው እሱን ለመምሰል ይከተለዋል። ሁሉም ሲለብሰው የላይኛው ይጥለውና ሌላ ይፈልጋል።

ይህን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። አንድ አዲስ የጫማ ዓይነት መጀመሪያ የሚታየው ቦሌ አካባቢ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከውጭ በመጣ ሰው እግር ላይ። ያኔ ያለው ኦርጅናሉ ብቻ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። ትንሽ ቆይቶ የመርካቶ ነጋዴ ያንኑ የሚመስል ፎርጅድ በኮንቴይነር ያስገባል። ከዚያ መገናኛና ሜክሲኮ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ይዘረጋል። ቀጥሎ የክልል ከተሞች የቅዳሜ ገበያ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሰውዬ ጫማውን አውልቆታል። ጫማው አልተቀደደም፣ ቀለሙም አለ። የጠፋው ነገር "እኔ እኮ ከእናንተ ቀድሜ ነው ያደረግኩት" የሚለው መልእክቱ ነው።

አንደኛ ዓመት ላይ "ዋጋ ሲቀንስ ፈላጊ ይጨምራል" ብለው ያስተምሩናል። ለጤፍና ለዘይት እውነት ነው። ለመለያ የሚገዛ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዋጋው ሲወርድ ብዙ ሰው ይገባበታል፣ ብዙ ሰው ሲገባበት ደግሞ ያስጀመሩት ሰዎች ጥለውት ይወጣሉ።

ድሮ መሰላሉ በአንድ ቤት ውስጥም ነበር። የታላቅ ወንድም ሱሪ ሲጠበው ወደ ታናሹ ያልፋል። ከታናሹ ሲተርፍ በበዓል ሰሞን ገጠር ላለ ዘመድ ይላካል። የቀረው ቁራጭ የወለል መወልወያ ይሆናል። ስለዚህ ፋሽኑ ከአራዶቹ ሰፈር ከጠፋ በኋላም ልብሱ ገና ብዙ ዓመት ሥራ ነበረው።

ማን ያመጣው ነበር?

ከአያቶቻችን እንጀምር። እጀ ጠባብና ተፈሪ ሱሪ አሁን የምናያቸው በበዓል፣ በሠርግና በቲያትር መድረክ ላይ ነው። በጊዜያቸው ግን ሰው ለብሷቸው ገበያ የሚወጣ፣ ቢሮ የሚገባ የአዘቦት ልብስ ነበሩ። ዛሬ "ባህላዊ" የምንለው ልብስ አብዛኛው የሆነ ጊዜ የዘናጭ ልብስ ነበር ማለት ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከተሜው ልብስ የሚያገኘው በዋናነት ጨርቅ ገዝቶ በማሰፋት ነበር። ቴትሮን ይገዛል፣ ልብስ ሰፊ ጋ ይኬዳል፣ ልክ ይወሰዳል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ልብስ ሰፊው ቀጠሮውን ያፈርሳል፣ እንደገና ይኬዳል። አዲስ ቅድ የሚመጣው በሲኒማ፣ በውጭ መጽሔትና ለትምህርት ሄደው በተመለሱ ልጆች በኩል ነው። ልብስ ሰፊው ፎቶውን አይቶ ይቀዳዋል። ሂደቱ ቀርፋፋ ስለነበር ቤል ቦተም ዓመታት ኖሯል።

አለባበስ የፖለቲካ ጉዳይም ነበር። በመጋቢት 1960 ዓ.ም በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙት፣ ግርግርም ተነሳ። ሚኒ ቀሚስ ያኔ የመከራከሪያ ርዕስ ነበር። ዛሬ የእነዚያን ተማሪዎች የራሳቸውን ፎቶ ስታዩ ቤል ቦተም የለበሰ አታጡም። ባህልን ከወረራ ለመጠበቅ የሚከራከረው ልጅም ቢሆን ሱሪው ከዘመኑ አላመለጠም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲወጡ ካኪ የዘመኑ ልብስ ሆነ። ትልልቆቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ዶላር በመንግሥት ተመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። ስታዩት ያስቀናል፣ ግን ያንን ዶላር ለሱሪ ማስመጫ የሚሰጥ አልነበረም። ሕዝቡ የአገር ውስጥ ጨርቅ ለበሰ፣ ኮንጎ ጫማ አደረገ፣ ያለውን አስጠገነ። ኮት ሲነጣ ለልብስ ሰፊ ተሰጥቶ ይገለበጣል፣ የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል። ሰዉ ፋሽን ሳይወድ ቀርቶ አይደለም፣ አዲስ ነገር የሚገባበት በር ጠቦ ነበር።

በሩ በ1980ዎቹ ተከፈተ። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ የዶላር ተመን ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሄደ፣ የግል ነጋዴው ዕቃ ማስገባት ጀመረ። በ1990ዎቹ ዱባይ ደርሶ መምጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ፣ የቻይና ልብስና ጫማም መርካቶን ሞላው። ሂፕ ሆፕ በቪዲዮ ካሴትና በዲሽ ሲገባ ባጊ ጅንስ አብሮት ገባ። ከዓረብ አገር እህቶቻችን የሚልኩት ሻንጣም የራሱን ፋሽን ይዞ መጣ። ያ ሻንጣ ሲከፈት ጎረቤት ሁሉ ለምን እንደሚሰበሰብ ያደገበት ያውቀዋል።

2000ዎቹ ላይ ሱሪው ሁሉ ጠበበ። ወንዱ ስኪኒ፣ ሴቷ ታይት። 2010ዎቹ ጋ ስንደርስ ደግሞ አዲሱ ነገር የሚመጣበት መንገድ ኪሳችን ውስጥ ገባ። ሴኡል ወይም ሌጎስ ያለ ልጅ ዛሬ ጠዋት የለበሰውን እኛ ምሳ ሰዓት ላይ እናየዋለን። ፎቶ እስኪመጣና ልብስ ሰፊው እስኪቀዳ የሚፈጀው ጊዜ ቀረ። የመሰላሉ ደረጃዎች ሳይቀነሱ የመውረጃው ጊዜ ግን አጠረ።

ሰፊውን ማጥበብ ይቻላል

አንድ ቀላል የሚመስል ግን ኪሳችንን የነካ ነገር ልንገራችሁ። ቤል ቦተም ፋሽንነቱ ሲያልፍ ሱሪው አልተጣለም። ልብስ ሰፊ ጋ ተወሰደ፣ ከጉልበት በታች ያለው ተቆርጦ ቀጥ አለ፣ በቃ አዲስ ሱሪ! የ1990ዎቹ ባጊም እንደዚያው ነው። ስኪኒ ሲመጣ የየሰፈሩ ልብስ ሰፊ ቤት "አጥብበው" በሚሉ ልጆች ተጨናነቀ። በትንሽ ብር የድሮው ልብስ ወደ አዲሱ ዘመን ይሻገር ነበር።

አሁን ግን ፋሽኑ ከጠባብ ወደ ሰፊ ዞረ። ሰፊውን ማጥበብ መቀስና ክር ብቻ ይፈልጋል። ጠባቡን ማስፋት ግን ሌላ ጨርቅ ይጠይቃል፣ ስፌቱ ውስጥ የተረፈ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የፋብሪካ ስኪኒ ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ የተቆረጠ ስለሆነ ትርፍ የለውም። በዚህ ምክንያት ቁም ሳጥናችን ውስጥ የተደረደረው ስኪኒ ሁሉ ምንም ሳይቀደድ ከጨዋታ ወጣ። ከቤል ቦተም ወደ ቀጥ ያለ ሱሪ የተሻገረው ሰው የከፈለው የስፌት ዋጋ ነው። ከስኪኒ ወደ ባጊ የተሻገረው ሰው የከፈለው የሙሉ ሱሪ ዋጋ ነው። "ፋሽን ተቀየረ" የምንለው አንድ ቃል ሂሳቡ እንዲህ የተለያየ ነው።

ቦንዳው ሲፈታ

ሰልባጅን ሳናነሳ ስለ ልብሳችን ማውራት አይቻልም። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ቢሆንም በኮንትሮባንድ ይገባል፣ ቦንዳው ይፈታል፣ ከተማውን ያለብሳል። አውሮፓና አሜሪካ ቁም ሳጥን ሲጸዳ የወጣው ልብስ ነው እዚህ የሚደርሰው። ስለዚህ ሰልባጅ ውስጥ የምናገኘው ፋሽን ሁልጊዜ የትናንቱ ነው፣ የሌላ አገር ትናንት።

ግን አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። እንግሊዛዊው የልብስ ታሪክ ጸሐፊ ጄምስ ሌቨር እ.ኤ.አ. በ1937 እንዳስተዋለው፣ ያለፈበት ልብስ መጀመሪያ አስጠሊ ይሆናል፣ ቆይቶ ያስቃል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ መልሶ ማማር ይጀምራል። የእናታችንን ልብስ የምንስቅበት፣ የአያታችንን ግን "እንዴት ያምራል!" የምንልበት ምክንያት ይኼው ነው። አሁን የ1990ዎቹ ባጊና ሰፋፊ ጃኬት ማማር የጀመረበት ጊዜ ላይ ነን። ያኔ "ሰልባጅ ነው የለበስከው" መባል ሼም ነበር፣ ልጁ ከቤት ሳይወጣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ከሱቅ እንደተገዛ ያስመስለው ነበር። ዛሬ ያው ጃኬት ቴሌግራም ላይ "ቪንቴጅ" ተብሎ ከአዲሱ በላይ ይጠራበታል። ጨርቁ አልተቀየረም። ያለውና የሚያገኘው ሰው ሲያንስ እንደገና መለያ ሆነ።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ዋና ሥራው ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት ነበር። የእኛ ልጆች ለሌላው ዓለም የዘንድሮን ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ ከዚያው ዓለም ተለብሶ የተጣለው ደግሞ በቦንዳ ወደ እኛ ይመጣል። ይህን ማሰብ ለማንም ደስ አይልም፣ ግን ማሰቡ አይከፋም።

ዋጋው በኢንቦክስ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ቴሌግራም ላይ "አዲስ ገባ! ዋጋ በኢንቦክስ! ነጻ ዲሊቨሪ!" የሚል ፎቶ ታያላችሁ። ሱሪው ያምራል፣ በወሩ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የበለጠ ያምራል። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምጠቀማቸው፣ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሯቸው።

የዘንድሮ ፋሽን የሆነ ሱሪ በ3,000 ብር ገዛችሁ እንበል። በሳምንት አንዴ ለበሳችሁት፣ ከስድስት ወር በኋላ ወይ ጨርቁ ለቀቀ ወይ ፋሽኑ አለፈ። 26 ጊዜ ለበሳችሁት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለመልበስ 115 ብር ገደማ ከፍላችኋል። በሌላ በኩል ጥሩ ጨርቅ ገዝታችሁ፣ መካከለኛ ቅድ መርጣችሁ፣ በ4,500 ብር አሰፋችሁ እንበል። በሳምንት ሁለቴ ለሦስት ዓመት ብትለብሱት 312 ጊዜ ይሆናል። ለአንድ ጊዜ 14 ብር ተኩል አይሞላም። "ርካሹ" ሱሪ ስምንት እጥፍ ተወደደ።

አበው "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ" ሲሉ ስለ ቤት ነበር። ሁለት ጊዜ ታጥቦ ስፌቱ የሚተረተረውን ሱሪ ቢያዩ ግን ተረቱን እዚህም ያመጡት ነበር።

እንዲህ ዓይነት ልብስ ለታናሽም አይተርፍ፣ ለገጠር ዘመድም አይደርስ። ስስ ፖሊስተር ስለሆነ ለመወልወያነት እንኳ ውኃ አይመጥም። የቤት ውስጡ መሰላል እዚህ ላይ ተሰበረ። ድሮ የአንድ ሱሪ ዋጋ ለሁለትና ለሦስት ሰው ይካፈል ነበር፣ አሁን እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

በዚህ ላይ ልብሱ በዶላር የሚገዛ መሆኑን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፋሽኑ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ፣ እያንዳንዱ ቅያሪ ደግሞ እየተወደደ መጣ ማለት ነው። በዚህ መሃል የተያዘው ገና ሥራ የጀመረው፣ የቤት ኪራይ ከሌላ ልጅ ጋር የሚጋራው ልጅ ነው። ቢሮ ሲገባ "ፋራ" መባልን ይፈራል። ፍርሃቱን ደግሞ አልንቀውም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው አለባበሱ እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። ልብስ እንጀራም ነው።

ጥለትም ፋሽን ሆነ

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚለው አባባል የመጣው አንድ ጥሩ ቀሚስ ብቻ ከነበረበት ቤት ነው። ቀሚሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ለትልቁ በዓል ይወጣል፣ ታጥቦ ይመለሳል፣ ለከርሞም ያው ነው። የሀበሻ ቀሚስ ከፋሽን ሩጫ ውጭ የቆየው በዚህ ምክንያት ነበር።

አሁን እሱም ገባበት። በየበዓሉ "የዘንድሮ ዲዛይን" ይወጣል፣ ያምናው ቀሚስ ፎቶው ስለተለጠፈ ብቻ "ታይቷል" ይባላል። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች፣ ብዙዎቹ መነሻቸው ከጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች የሆነ፣ አንድ ቀሚስ ሠርተው ለመጨረስ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ፋብሪካ ግን ጥለቱን ጨርቅ ላይ አትሞ በጥቅል ይልከዋል። ከሩቅ ሲታይና በስልክ ካሜራ ሲነሳ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። በየዓመቱ አዲስ ቀሚስ የግድ ነው ካልን በየዓመቱ የሽመና ዋጋ መክፈል ለብዙ ሰው አይቻልም፣ ስለዚህ ወደታተመው እንሄዳለን። በሸማኔው ላይ የመጣው ችግር ከውጭ የመጣው ጨርቅ ብቻ አይደለም፣ የእኛ "ታይቷል" የሚለው ቃልም አለበት።

ልዩነቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ይታያል። የሸማኔው ቀሚስ ታጥቦ፣ ጥለቱ ተፈትቶ ሌላ ቀሚስ ላይ ይተከላል። የታተመው ጥለት ቀለሙ ከደበዘዘ የሚፈታ ነገር የለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

"ፋሽን አትከተሉ" ልል አይደለም። እኔም ወጣት ነኝ፣ ሽክ ማለት እወዳለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ማማር እፈልጋለሁ። የምለው ሱሪ ስንገዛ ከ"ያምራል ወይ?" ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ እንጨምር ነው።

አንደኛ፣ መሰላሉ ላይ የት ነው ያለው? አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ካያችሁት ዕድሜው እያለቀ ነው። ለመለየት ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት አትልፉ፣ ለመልበስ ብላችሁ ከሆነ ግን ጥሩ ጊዜ ነው፣ ዋጋው ወርዷል። ሁለተኛ፣ ይጠገናል ወይ? ሱሪውን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩት። በሁለቱም በኩል የጣት ስፋት ያህል ትርፍ ጨርቅ ካለ ልብስ ሰፊ ነገ ሊያሰፋውም ሊያጠበውም ይችላል። ሦስተኛ፣ ከእኔ በኋላ ማን ይለብሰዋል? ለዚህ መልስ ካጣችሁ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ የምትከፍሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እና ቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን ስኪኒ አሁን አትጣሉት። እስከ ዛሬ ባየነው ሂደት ጠባብና ሰፊ እየተፈራረቁ ነው የመጡት። ጨርቁ ጥሩ ከሆነ እጠፉና አስቀምጡት። ያ ቀን ሲመጣ ለእናንተ ባይሆን እንኳ ለታናሽ ወንድማችሁ ይሆናል። እሱ ደግሞ ያኔ ስለ ዛሬው ባጊያችሁ ፎቶ ምን እንደሚል መገመት አያቅታችሁም።